የወላጅ ፍቅርና የማኅበር ልማድ

የሰው ልጅ ብቻውን ሲሆንና በሰው መካከል ሲሆን ጠባዩ አንድ አይደለም። በቤቱ ብቻውን ሆኖ ሲበላ እንደ ልቡ የሚጐርስ ሰው፥ በሰው ገበታ በቀረበ ጊዜ ከፊቱ ያለውን ብቻ በዝግታ እየቈረሰ፥ ጠግቤያለሁ እያለ ይለመናል። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ሟቹን ባያውቀውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰርግ ቤት የገባውም በልቡ ኀዘን ቢኖርበት እንኳ ፊቱን ያበራል። ይህን አድርግ ብሎ በአጠገቡ ቆሞ ያዘዘው የለም። የሚያዝዘው በልቡ ውስጥ የተቀመጠው የሌላው ሰው ዓይን ነው። አባቶቻችን ለዚህ ነገር ይሉኝታ የሚል ስም አውጥተውለታል፤ «ሰው ምን ይለኛል» ማለት ነውና ቃሉ ራሱ ፍችውን ይናገራል።

ይሉኝታ ብዙ በጎ ሥራ ሠርቷል። ስስታሙን ያስመጸውታል፤ ቍጡውን ያስታግሣል፤ ሰነፉን ለደቦ ያስነሣዋል፤ እድርተኛውን በዝናብ በጭቃ ለቀብር ያወጣዋል። ያለ እርሱ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ሊኖር አይችልም። ነገር ግን ይህ ያው ኀይል አፍቃሪቱን እናትና አስተዋዩን አባት፥ በገዛ እጃቸው በልጃቸው ላይ ጕዳት እንዲያደርሱ የሚያስገድድበት ጊዜ አለ። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ልማድ በደግ ወላጅ እጅ ክፉ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ፥ ደግሞም ብዙ ዘመን የኖረ ልማድ በምን ዐይነት ብልኀት እንደሚፈታ ነው። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ለይተን ካላመለከትን በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የዓይን ምስክርና የብዙዎች ቃል

አስቀድመን የብዙ ሰዎች ቃል በአንድ ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ነገር እንናገር። በአሜሪካ አገር ሰሎሞን አሽ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ በ1951 ዓ.ም. ይህን የመሰለ ፈተና ለዓለም አስታወቁ። ጥቂት ወጣት ተማሪዎችን በአንድ ክፍል አስቀመጡና ሁለት ካርድ አሳዩአቸው። በአንደኛው ካርድ ላይ አንድ መስመር ተሠምሯል፤ በሁለተኛው ላይ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት መስመሮች ተሠምረዋል። ጥያቄው ከሦስቱ የትኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው የሚል ነበረ። ነገሩ ለሕፃን እንኳ የሚያስቸግር አልነበረም። ነገር ግን ከተቀመጡት ተማሪዎች የማያውቀው አንዱ ብቻ ነበር እንጂ፥ የቀሩት ሁሉ ከሊቁ ጋር አስቀድመው የተስማሙ ነበሩ። እነዚህ ከ18 ጊዜ 12ቱን ጊዜ፥ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ፥ በአንድ ቃል የተሳሳተውን መስመር ትክክል ነው አሉ። ያ የማያውቀው ሰው ከሁሉ ኋላ ወይም ወደ መጨረሻው ይጠየቃል።

ምን ሆነ ቢሉ፥ እንዲህ የተፈተኑት ሰዎች በእነዚህ ጥያቄዎች ከሰጡት መልስ ከሦስቱ እጅ አንዱ ያህል ዓይናቸው ያየውን ትቶ የብዙዎችን ቃል የተከተለ ሆነ። ከአራት ሰዎች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸንፈዋል፤ ከአራቱ አንዱ ግን እስከ መጨረሻው ባየው ጸንቷል። በእኛ አሳብ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቀጥሎ የተገኘው ነገር ነው። ሊቁ ከተስማሙት መካከል አንዱ ብቻ እውነቱን እንዲናገር ባደረጉ ጊዜ፥ ብቻውን የነበረው ሰው ስሕተት ወደ ሩብ ወረደ። የብዙዎች ጕልበት ያለው በብዛታቸው ብቻ አይደለም፤ አንድም የሚለይ ባለመኖሩ ነው። አጠገቡ አንድ ጓደኛ ያገኘ ሰው ዓይኑን ያምናል።

እንግዲህ እናስተውል። በዚያ ክፍል የተቀመጡት ሰዎች የተጠየቁት ስለ አንድ ተራ መስመር ነበር። ነገሩ ስለ መስመር መሆኑ ቀርቶ ስለ ልጅ ጋብቻ፥ ስለ ቤተ ሰብ ክብር፥ ስለ ዘመድ አዝማድ ሰላምታ ሲሆን፥ የብዙዎች ቃል ምን ያህል የከበደ ይሆን?

የቻይና ሴቶች እግር

በቻይና አገር አንድ ሺሕ ዓመት ያህል የኖረ ልማድ ነበረ። ሴት ልጅ ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜዋ፥ እናቷ ወይም አያቷ እግሯን በሙቅ ውሃ ታጥባትና፥ ከአውራ ጣቷ በቀር አራቱን ጣቶች ወደ መርገጫዋ አጥፋ፥ በረጅም የጨርቅ ጥቅል አጥብቃ ታስራት ነበር። ጨርቁ በየጊዜው ይፈታና እንደ ገና ከፊተኛው ይልቅ እየጠበቀ ይታሰራል። ጣቶቹ ይሰበራሉ፤ የእግሩ መካከል ይጐብጣል፤ ተረከዙና ፊተኛው የእግር ክፍል ይቀራረባሉ። ቍስሉ የሚያመረቅዝበት፥ ጣት ተቈርጦ የሚወድቅበት፥ አንዳንድ ጊዜም ልጅቱ እስከ መሞት የምትደርስበት ነበረ። የሚመኙት ልክ ዐሥር ሳንቲሜትር ያህል ነበር፤ ይህም ከአንድ ትልቅ ሰው መዳፍ ወርድ እምብዛም አይበልጥም። ይህን ልክ ያገኘውን እግር ሎተስ በምትባለው የውሃ አበባ ስም «የወርቅ ሎተስ» እያሉ ያመሰግኑት ነበር። ቻይናውያን ራሳቸው ሲተርቱ ለአንድ ጥንድ ትናንሽ እግር አንድ ጋን እንባ ይፈስሳል ይሉ ነበር።

ይህ ልማድ የተነሣው በዐሥረኛው መቶ ዓመት ገደማ በቤተ መንግሥት ዘፋኞችና ጨዋታ ዐዋቂዎች መካከል እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ ወደ መኳንንት ቤት፥ ከመኳንንት ቤት ወደ ባለጠጎች፥ በመጨረሻም ወደ ገበሬው ጐጆ ወረደ። የታላላቆች ጌጥ የነበረው ለታናናሾች ግዴታ ሆነ። መቼም ልማድ እንደ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳልና፥ ከላይ ያሉት ሰዎች በቤታቸው የሚያደርጉት ነገር በቤታቸው ብቻ አይቀርም።

አንባቢዎቻችን «ያች እናት ልብ የላትምን?» ብለው እንደሚጠይቁ አንጠራጠርም። መልሱ ልብ ነበራት የሚል ነው፤ የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። ልጇን ባታስር ኖሮ ጐረቤት ይስቅባታል፤ ለጋብቻ የሚላኩት ሰዎች መጀመሪያ ስለ እግሯ ይጠይቃሉ፤ ትልቅ እግር ያላት ልጅ ከበጎ ቤት ባል አታገኝም። እናቲቱ ራሷ በልጅነቷ ተሠቃይታ ያን ሕመም ታውቀዋለች። ስለዚህ የልጇን የጥቂት ዓመት ሥቃይና የዕድሜ ልክ ውርደት በሚዛን አኑራ ሥቃዩን መረጠች። እያንዳንዷ እናት በቤቷ ትክክል ዐሰበች፤ የሁሉ ትክክል ዐሳብ በአንድነት ሲደመር ግን የሕዝብ መከራ ሆነ። ሌላው ሁሉ ሲያስር አንዲት ብቻዋን ብትፈታ የምትጐዳው ልጇን ነበርና፥ ማንም ብቻውን ሊወጣበት የማይችል ወጥመድ ነበረ።

ይህ ነገር ከማኅበር የመጣ እንጂ ከአገሩ አየር ወይም ከሰዎቹ ተፈጥሮ የመጣ አለመሆኑን የሚያስረዳ ምስክር በዚያው አገር ይገኛል። ከ1644 እስከ 1912 ዓ.ም. ቻይናን የገዙት የማንቹ ወገን ሰዎች የሴት ልጆቻቸውን እግር አያስሩም ነበር፤ ሃካ የሚባሉት ወገኖችም ሴቶቻቸው አብዛኛውን ጊዜ እግራቸው ያልታሰረ ነበር። በአንድ ገበያ ይገበያዩ የነበሩ እናቶች አንዷ ታስራለች፥ አንዷ አታስርም፤ የሚለያቸው የወገናቸው ልማድ ብቻ ነበር። ይልቁንም የሚያስደንቀው የማንቹ ወይዛዝርት ከመካከሉ ከፍ ያለ የእንጨት መርገጫ ያለው ጫማ እያደረጉ፥ እግራቸው እንደ ታሰረ ሴቶች ቀስ ብለው እየተወዛወዙ ይሄዱ ነበር። እግራቸውን ሳያስሩ አካሄዱን ተበደሩት ማለት ነው።

የማንቹ መንግሥት በ1662 ዓ.ም. እግር ማሰርን በዐዋጅ ከለከለ። ዐዋጁ ግን የእናትን ፍርሀት አላራቀላትም፤ የልጇን ባል የሚመርጠው መንግሥት ሳይሆን ጐረቤት ነበርና። ስለዚህ ማንም ሳይሰማው ቀረ፤ በ1668 ዓ.ም. ተነሣ። ልማዱም ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖረ።

ቍልፉ እንዴት ተገኘ

በ1874 ዓ.ም. በሺያመን ከተማ ጆን ማክጋዋን የተባሉ ሚሲዮናዊ ያሰባሰቧቸው ክርስቲያን ሴቶች የልጆቻቸውን እግር ላለማሰር በማኅበር ቃል ኪዳን ገቡ። በ1883 ዓ.ም. ካንግ ዩዌይ የተባሉት ቻይናዊ ሊቅ በጓንግዶንግ አገራቸው እንዲህ ያለ ማኅበር ለማቋቋም ተነሡ፤ የገዛ ሴት ልጆቻቸውንም እግር አላሳሰሩም። በ1895 ዓ.ም. አሊሺያ ሊትል የተባሉ እንግሊዛዊት ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው በሻንግሃይ የተፈጥሮ እግር ማኅበር አቋቋሙ። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1897 ዓ.ም. ሊያንግ ቺቻዎና ሌሎች የቻይና ምሁራን በዚያው ከተማ ሌላ ታላቅ ማኅበር መሠረቱ።

እነዚህ ማኅበሮች ትምህርት ያስፋፉ ነበር፤ የእግሩን ጕዳት በሥዕልና በቃል ያሳዩ፥ ሌላው ዓለም ሁሉ ሳያስር እንደሚኖር ይነግሩ ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናቲቱ «እውነት ነው፥ ግን ልጄን ማን ያገባታል?» ብላ ዝም ባለች ነበር። ቍልፉ በቃል ኪዳናቸው ውስጥ ነበረ። የማኅበሩ አባል የሚገባው ቃል ሁለት ነበር፤ አንደኛው ሴት ልጄን አላስርም የሚል፥ ሁለተኛው ወንድ ልጄን እግሯ ለታሰረች አላጋባም የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል የእናትን ፍርሀት ከሥሩ ነቀለው። ልጇን ያላሰረች እናት፥ ልጇን የሚቀበሉ ቤቶች ስንት እንደ ሆኑና እነማን እንደ ሆኑ በመዝገብ ታውቃለች። ብቻዋን ብትሆን ሞኝነት ይሆን የነበረው ነገር፥ ከብዙዎች ጋር ሲሆን ጥበብ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የመንግሥት ቃል ሰሚ አገኘ። በ1902 ዓ.ም. እቴጌ ሲሺ ሕዝቡ ልማዱን እንዲተው በዐዋጅ መከሩ፤ በ1912 ዓ.ም. አዲሱ የሪፐብሊክ መንግሥት ከለከለ። ፍሬውን ለማየት ሲድኒ ጋምብል የተባሉ አሜሪካዊ ከቤጂንግ በስተ ደቡብ ስለሚገኘው ስለ ዲንግ አውራጃ በ1943 ዓ.ም. ያሳተሙትን ቍጥር መመልከት ይበቃል። ከ1890 ዓ.ም. በፊት ከተወለዱት ሴቶች ከመቶው ከ99 በላይ የሆኑት እግራቸው ታስሯል፤ ከ1905 እስከ 1909 ከተወለዱት ከመቶው 60 ያህሉ፤ ከ1919 በኋላ ከተወለዱት ግን አንዲት እንኳ አልተገኘችም። ሺሕ ዓመት የኖረ ነገር በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ባለ ዕድሜ አለቀ።

እርግጥ ነው፥ ሊቃውንቱ በምክንያቱ ሁሉ አይስማሙም። ሎሬል ቦሰንና ሂል ጌትስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ብዙ አረጋውያን የገጠር ሴቶችን ጠይቀው በ2017 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ፥ እግር ማሰር ትንንሽ ልጆችን ለፈትልና ለሽመና ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ ያደርግ እንደ ነበረ፥ የፋብሪካ ክርና ጨርቅ በገባበት ስፍራ ልማዱ እንደ ደከመ ጽፈዋል። ይህም የሚገባ አሳብ ነው፤ ልማድ ያለ ጥቅም ብዙ ዘመን አይኖርምና። ነገር ግን ጥቅሙ ከቀረ በኋላ እንኳ ሁሉ እርስ በርሱ እየተያየ በዚያው ሊቀጥል ይችላል፤ የመጀመሪያው መውጫ በር የሚከፈተው በስምምነት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ጊዜው በተለወጠ ጊዜ በሕፃንነታቸው የታሰሩት ሴቶች ትልቅ መከራ ደረሰባቸው። አጥንቱ አንድ ጊዜ ተሰብሮ የተጣመመ እግር ቢፈታም ወደ ፊተኛው አይመለስም፤ መፍታቱ ራሱ ሌላ ሥቃይ ነበር። እንዲህም ሆኖ በየመንደሩ የሚዞሩ መርማሪዎች ጨርቃቸውን እያስፈቱ መቀጫ ያስከፍሏቸው ነበር። ትናንት በእግራቸው የተመሰገኑት ሴቶች ዛሬ በዚያው እግራቸው ተሰደቡ። ማኅበሩ ባዘዛቸው ታሰሩ፤ ማኅበሩ አሳቡን ሲለውጥ ደግሞ ኀፍረቱን ለእነርሱ ተወላቸው። ክፉ ልማድ የሚነቅል ሰው ልማዱን እንጂ የልማዱን ተጐጂዎች እንዳይነቅል መጠንቀቅ እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ያው ቋጠሮ በሌላ አገር

ጄሪ ማኪ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1996 ዓ.ም. ይህን የቻይና ታሪክ መርምረው፥ በአፍሪካ አገሮች ያለው የሴት ልጅ ግርዛት ያው ቋጠሮ ስለ ሆነ በዚያው መንገድ ሊፈታ ይችላል ብለው ጻፉ። የነገሩ ስም በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ሲነሣ የሚያሳፍር ቢመስልም፥ ከማፈር የተነሣ ዝም ማለት ለሕፃናት የሚያመጣው ጥቅም የለምና በግልጽ እንናገራለን። በዚህም ቢሆን እናት ልጇን የምትሰጠው ጠልታት አይደለም፤ ያልተገረዘች ልጅ ትነቀፋለች፥ ባልም አታገኝም ብላ ስለ ፈራችላት ነው።

አሳባቸው በወረቀት ላይ በቀረ በዓመቱ፥ በሴኔጋል አገር በማሊኩንዳ ባምባራ መንደር የሚኖሩ ሴቶች ቶስታን ከሚባለው ድርጅት ስለ ጤናና ስለ ሰው መብት ተምረው፥ በሐምሌ ወር 1997 ዓ.ም. ልማዱን መተዋቸውን በአደባባይ አስታወቁ። ከጐረቤት መንደሮች ግን ብዙ ቍጣ መጣባቸው። በዚያን ጊዜ ኬር ሲምባራ ከምትባለው መንደር ዴምባ ዲያዋራ የተባሉ ሽማግሌ ኢማም አንድ ትልቅ ነገር ተናገሩ። የእርሳቸው መንደር ሰዎች የሚጋቡት ከሌሎች መንደሮች ካሉት ዘመዶቻቸው ጋር ስለ ሆነ፥ አንዲት መንደር ብቻዋን ልትተወው አትችልም አሉ። ከዚያም እኚህ ሽማግሌ በእግራቸው ተነሥተው ከመንደር ወደ መንደር እየሄዱ ዘመዶቻቸውን አነጋገሩ። ማንንም አልዘለፉም፤ ስለ ሕፃናቱ ጤና ጠየቁ፥ ሰሙ፥ መከሩ። በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. 13 መንደሮች በዲያቡጉ ተሰብስበው በአንድነት መተዋቸውን አስታወቁ። ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ነው። እኚህ ኢማም የማኪን ጽሑፍ ሳያነቡ፥ ሊቁ በመጻሕፍት ያገኙትን እውነት ከዘመዶቻቸው የጋብቻ መንገድ አገኙት።

በአገራችን በከምባታ

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የዚህ ነገር ታላቅ ምሳሌ በከምባታ ይገኛል። ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ በዚያ አገር ተወልደው፥ በልጅነታቸው በዚሁ ልማድ አልፈው፥ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት በማትላክበት ዘመን ፊደል ቈጥረው፥ ኋላም በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሴት ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. ከእኅታቸው ጋር ሆነው የከምባታ ሴቶች በአንድነት የሚቆሙበትን ማኅበር መሠረቱ።

እኚህ ወይዘሮ ወደ ተወለዱበት አገር ሲገቡ በመጀመሪያ ስለ ግርዛት አልሰበኩም። የአገሩን ሰው ምን ይቸግራችኋል ብለው ጠየቁ። ሕዝቡም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፥ ነጋዴውም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ እንደሌላቸው ነገሯቸው። ድልድዩን አሠሩላቸው። ከዚህ በኋላ በተናገሩ ጊዜ ሰው ሰማቸው። የሚሰማው ከወገኑ መካከል የቆመውን ነውና፥ ድልድዩ ለወንዙ ብቻ ሳይሆን ለቃላቸውም መሻገሪያ ሆነ። ከዚያ ወንዶችና ሴቶች፥ ሽማግሎችና ወጣቶች በየቀበሌው ተቀምጠው በጉዳዩ እንዲነጋገሩ አደረጉ። ነገሩ ከሹክሹክታ ወጥቶ በሸንጎ ተነገረ። ብዙ አባቶችም በልባቸው ይጠሉት የነበረውን ነገር ጐረቤታቸውም ይጠላው እንደ ነበረ ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፥ ያልተገረዘች ልጃገረድና ሙሽራዋ በብዙ ሕዝብ ፊት በይፋ ተጋቡ። ሙሽራይቱ አለመገረዟን፥ ሙሽራውም በዚህ ደስ መሰኘቱን የሚናገር ጽሕፈት በልብሳቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር፤ እንደ እርሷ ያልተገረዙ ብዙ ልጃገረዶችም አጅበዋት ቆሙ። የቻይናው ሁለተኛ ቃል ኪዳን ይኸው ነው። አንድ ወጣት በአደባባይ አገባታለሁ ሲል፥ ብዙ ስብከት ያላደረገውን በአንድ ቀን አደረገ፤ የእናቶችን ፍርሀት ሐሰት አደረገው። ወይዘሮ ቦጋለች የቤልጅግን የንጉሥ ቦድዋ ሽልማት በ2013 ዓ.ም. በተቀበሉ ጊዜ፥ ቀድሞ በዚያ አገር ከሴት ልጆች የሚቀር የሌለበት ልማድ ከመቶው ከ3 በታች መውረዱ ተነግሯል። በ2019 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሥራቸው ግን በልጃገረዶች ሕይወት ቀረ።

የአገራችን የወንጀል ሕግ፥ በእኛ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው፥ ይህን ድርጊት በግልጽ ይቀጣል። ነገር ግን በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶቻችን ከመቶው 65ቱ የተገረዙ ሆነው ተገኝተዋል፤ በ2000 በተደረገው ጥናት ከመቶው 80 ነበሩ። መቀነሱ መልካም ነው። የቀረው ግን ብዙ ነው፤ ሕጉ በመጽሐፍ ሳለ ልማዱ በጓዳ የሚኖረው፥ ብዙው እናት ዛሬም ብቻዋን ስለምትፈራ ነው።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ይህን ሁሉ ያተትነው ስለ ሩቅ ሰዎች ለመፍረድ አይደለም። በእያንዳንዳችን ቤት፥ ለምን እንደምናደርገው ብንጠየቅ «ሁሉ ያደርገዋል» ከማለት በቀር መልስ የሌለን ነገር አይጠፋም። ከዐቅም በላይ የሆነ ድግስ፥ ልጅን በሰው ፊት ማዋረድ፥ ሴት ልጅን ከትምህርት አስቀርቶ ቶሎ መዳር፥ እነዚህን የመሰሉ ነገሮች ሁሉ በዚያው ክር የታሰሩ ናቸው። አስተዋይ ወላጅ ስለ ልማዱ ሁሉ «ይህን የማደርገው ለልጄ ስለሚበጅ ነውን? ወይስ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ፥ ጐረቤቱም በልቡ ይህንኑ እያሰበ ዝም ብሎ ይሆናልና ይጠይቀው። ብዙ ልማድ የሚኖረው ሁሉ ስለሚወደው ሳይሆን፥ ሌላው ይወደዋል ብሎ ሁሉ ስለሚያስብ ነው።

ክፉ ልማድ ለመተው የሚፈልግ ቤተ ሰብ ብቻውን አይቁም። ዘመዶቹን፥ አበ ልጆቹን፥ የማኅበር ወንድሞቹን፥ የእድር ጓደኞቹን ይፈልግ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለ፥ አንዲት እናት ልትሸከመው የማይቻላት ነቀፋ ለዐሥር ቤት ተካፍሎ ሲሰጥ ቀላል ይሆናል። እድራችንና ማኅበራችን ሙታንን ለመቅበርና ጠላ ለመጠጣት ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ልማድ የታሰረው በማኅበር ነውና የሚፈታውም በእነርሱ ነው።

ወንድ ልጅ ያላችሁ አባቶች ሆይ፥ ነገሩ የሴቶች ነው ብላችሁ አትለፉት። በቻይናም በከምባታም ቍልፉ በእናንተ እጅ ነበረ። የሴት ልጅ እናት የምትፈራው የእናንተን ደጅ ነው፤ እናንተ «በልጃችን ሰርግ ይህን አንጠይቅም» ብላችሁ በሰው ፊት ብትናገሩ፥ ያላየኋችሁት ሕፃን ከሕመም ትድናለች። በሹመትና በክብር ከፍ ያላችሁም፥ ቤታችሁ የታናሹ ቤት መስተዋት መሆኑን አትርሱ።

አያቶቻችንን ግን አንስደብ። እነርሱ ያደረጉትን ያደረጉት በነበራቸው ዕውቀትና በነበረባቸው ፍርሀት ነው፤ የፍቅራቸው ጕድለት አይደለም። እንዲያውም አሮጊቶቹ አብረው ሲመክሩና ሲስማሙ፥ የእነርሱ አንድ ቃል ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል።

በመጨረሻም ልጆቻችንን እንዴት እናሳድግ ለሚለው ጥያቄ ከላይ የተናገርነው የመስመሩ ፈተና መልስ ይሰጠናል። ልጅ ሰውን እንዲያከብር ይሉኝታን እናስተምረው፤ ነገር ግን ዓይኑ ያየውን እንዲናገርም እንፍቀድለት። በገበታ ዙሪያ ታላላቆች ሁሉ በአንድ ነገር ሲስማሙ፥ አንድ ሕፃን በትሕትና «አባባ፥ እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል» ቢል ቶሎ ዝም አናሰኘው። ያ ልጅ አድጎ በሸንጎ ሲቀመጥ፥ ብቻውን ለቀረው እውነተኛ ሰው ሁለተኛ ጓደኛ የሚሆነው እርሱ ነው።